መሀል፣ ዝቅ ያለ

ጦይባ ከጅዳ ላከችልን የመርከብ ንድፍ በስልክ፤
አሥር ፎቅ፣ እልፍ በር፣ የንብ እንጀራ የመሰለ መልክ።
«አባዬ፣ ክፍል ምረጡ፤ ሦስት ሌሊት ነው ባሕር ላይ፣
በረንዳ ያለውን ልያዝ? የላይኛውን፣ ወደ ሰማይ?
ዋጋው አያስጨንቃችሁ። ብቻ እማዬ … ያ ሆዷ …»
አለችና ዝም አለች። ሳቀች ሉባባ ከጓዳ።

እኔ ይማም ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የደሴ ኮምቦልቻ ረዳት።
መርከብ አላውቅም። የማውቀው ሰው የሚታወክበትን ሰዓት፣
ሐረጎ ላይ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ጨዋታ ድንገት ሲቆም፣
የደላላ ምላስ እንኳን ሲሰንፍ፣ ሲከብድ፣ ሲያዘግም፣
«ረዳት፣ ፌስታል!» ሲባል፣ በለሆሳስ፣ እንደ ምስጢር፤
የትኛው ወንበር እንደሆነ አውቃለሁ ሳልዞር፣ በቁጥር።

የኋላው ወንበር በቅሎ ነው፤ ጉብታ ባየ ቁጥር ይዘላል፣
የፊተኛው ገደሉን ከነጥርሱ ያሳያል፣
ጎማ ላይ የተቀመጠ ድንጋዩን ሁሉ በአንጀቱ ይቆጥራል።
መሀል ነው ደጉ፤ የፊትና የኋላ ጠብ እዚያ ይበርዳል፤
የበርበሬ ነጋዴ ሚዛን፣ ሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይገባዋል፣
ጫፍና ጫፉ ሲጨፍር፣ ወገቡ ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል።

«ስለዚህ» አልኳት ጦይባን፣ እንደ ባሕረኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
«ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሀል ለመሀል፤ ለእናትሽ ብዬ እንጂ እኔማ ምን ፈልጌ?»
ሳቀች፦ «አባዬ፣ ያ እኮ ርካሹ ነው! መስኮት እንኳ የለው፤
ገንዘቤን ልትቆጥብልኝ ነው፤ አውቅሃለሁ፣ ይኸው!»

ሉባባ ወጣች ከጓዳ፣ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ፣
ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትዋዛ።
«ዝቅ ማለቱ ልክ ነው፤ መሀልም፤ በዚህ አይታማም አባትሽ፤
መስኮት ግን ይኑረው። ዓይኑን የሚጥልበት ካጣ አለቀለት፣ ልንገርሽ።»

«እኔ?»

«እኔ አንድ ቀን ነው ያስመለስኩት፤ እሱም አንቺን አርግዤ ነው፤
ወሬውን ዕድሜ ልክ ያዞረው፣ ለራሱ መጋረጃ ሊሆነው።
ሠላሳ ዓመት በር ላይ ተንጠልጥሎ የሄደው ለኩራት መሰለሽ?
ሸሚዙን የማጥብ እኔ ነኝ፤ ሸሚዝ አይዋሽም፤ እየሰማሽ?»

ከምስር ውስጥ ጠጠር ለምታገኝ ሴት ምን ይደበቃል?
እውነት ነው። ቁጭ ስል ምድር ከሥሬ እንደ ምንጣፍ ይሳባል፤
በር ላይ ግን ነፋስ ፊቴን ይይዘኛል፣ ጦሳም ቆሞ ይጠብቀኛል።
ጥምዙ ጦሳን ሲሰውርብኝ፣ ያኔ ነበር የምጮኸው፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ሞልቶ በሄደ መኪና፣ ማንም ላይሳፈረው፤
ሰው ጥሪ ይመስለው ነበር። ሆዴን ነበር የምገሥጸው።

አንድ ጊዜም ሐይቅ ላይ፣ የወንድሟ ልጅ ሲዳር፣ በጀልባ ሲያንሸራሽሩን፣
«ዓሣው ሸተተኝ» ብዬ ወርጃለሁ። ዓሣ አልነበረም። ያኔም አውቃ ኖሯል ጉዱን።

በመጨረሻ ተስማሙ እናትና ልጅ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ መሀል፣ ክብ መስኮት፣
ከሞተሩ ራቅ፣ ከደረጃው ቀረብ፤ እንደ ሻንጣ ነበርኩ በመሀላቸው ያለሁት።
«ባሕር ላይ ጦሳ የለ» አልኳት ሲመሽ፣ «ዓይኔን በምን ላሳርፍ?»
«ሰማይ ውሃውን የሚነካበት መስመር አለ፣ አለች ጦይባ፤ የማይነቃነቅ፣ እንደ ጥልፍ።»

ሁለት ወር ይቀረናል። ኪሴ ውስጥ ሎሚ አግኝቻለሁ ዛሬ፤
ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። አሽትቼ መለስኩት፣ አፍሬ።
ሌሊት ግን፣ ሉባባ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣
ለጦይባ ድምፅ ላክሁላት፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ፦
«ስጋት የለም፣ ደስ ብሎኛል፤ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፦
መርከቡ የረዳት በር አለው ወይ? ጠይቂልኝ፣ በእናትሽ።»